አንድ ሟች፣ ሰባት ገዳይ

መኪና ሁሉ አቋርጧት የሚያልፍ፣ አንዱም የማይቆምባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። በከተማዋም አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ሌሊት ትነሳለች፣ ምድጃዋን ትለኩሳለች፤ ወፍ ሲንጫጫ የመጀመሪያው ዳቦ ይወጣል። አንድ የክረምት ማለዳ ወፉም ተንጫጫ፣ ጎረቤቱም ዘንቢሉን ይዞ መጣ፤ ዳቦ ግን የለም። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ እሷም ከኮሪደሩ ማዶ ወድቃለች። የመሳቢያው ገንዘብ አልተነካም።

ዳቦ ቤቱ ካሜራ ነበረው። ዱቄት እየጎደለ ሲያስቸግራት ያስገጠመችው ነው። ካሜራው ያየው ይህን ብቻ ነው። ረጅም የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ጉልበት የሚደርስ ቦት ያደረገ ሰው በኮሪደሩ ወዲያ ሄደ፣ አንድ በር ሞከረ፣ ወዲህ ተመለሰ፣ ሌላ በር ሞከረ፣ ከምስሉ ወጣ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ግድያውን ካሜራው አላየውም።

ፖሊስ ፊልሙን ለሕዝብ አሳየና "ይህን ሰው የሚያውቅ ይጠቁመን" አለ። ያለው ይህንኑ ነው። ከተማው ግን "ፈልጋችሁ አምጡልን" የተባለ መሰለው።

ቡና ቤቱ ለኳስ የተገዛ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበረው። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ኳስ ቀረ። ማታ ማታ ወንዱ ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ ፍላሹን ይሰካል፤ ካፖርቱ ይሄዳል፣ ካፖርቱ ይመለሳል። ሪሞቱን የሚቀባበሉት ሦስት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ጫማ ሰፊው እና ጸጉር አስተካካዩ። ሌላው ሰው ከኋላ ሆኖ ይፈርዳል።

መምህሩ የዳቦ ቤቱን በር በሜትር ለክተው፣ ማስመሪያቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ደግፈው የሰውየውን ቁመት አወጡ። አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት። በማግስቱ ወደ ካሜራው ጠጋ ባለበት ቦታ ለኩት፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ሆነ። ካሜራው የተሰቀለው ጣሪያው ጥግ ላይ ነው፤ ቁልቁል ያያል፣ ሌንሱም ሰፊ ስለሆነ ዳር ዳሩን ያጎብጣል፤ ከሥሩ ያለፈ ሁሉ ያጥራል። መምህሩ ግን "እዚህ ጋ ጎንበስ ብሏል" አሉ። ጎንበስ ማለቱም ተመዘገበበት። ንጹሕ ሰው ምን ያጎነብሰዋል?

ካፖርቱ ነጭ ነበር። በከተማው ነጭ የዝናብ ካፖርት ያለው ወተት ነጋዴው ብቻ ነው፤ ወተቱን የሚገዛው ጠፋ። ኋላ ካሜራውን የገጠመው ልጅ መጣና "በጨለማ ካሜራው በኢንፍራሬድ ነው የሚያየው፤ ጥቁር ናይለን ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል" ብሎ አስረዳ። ሰዉ ሰማው፣ ገባውም። ወተቱን ተመልሶ የገዛ ግን አልነበረም።

ሰዓቱ ደግሞ ነበረላችሁ። በፊልሙ ጥግ 3:50 ይላል። ግማሹ "ከምሽቱ ነው" ብሎ በዚያ ሰዓት ከጠላ ቤት ሲወጣ የታየ አንድ ሰው አገኘ። ግማሹ "የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ከሃምሳ ነው" ብሎ ሌላ ሰው ይፈልግ ጀመር። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ እንደሚቀር የምታውቀው ሟቿ ብቻ ነበረች።

በየማታው አንዲት እንቁላል ሻጭ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ወደ ውስጥ ታያለች። "ልጆቼ፣ እኔ እኮ የዚያን ሌሊት ለገበያ ስወጣ..." ትላለች።

"እማማ፣ ፊልሙ ላይ አሉ?"

"ኧረ እኔስ የለሁም።"

"እንግዲያው ትንሽ ይታገሱን፤ አሁን ሊመለስ ነው።"

ካፖርቱ ሊመለስ ነው ማለታቸው ነው። መቶ ጊዜ ሲመለስ አይተውታል፤ ቢሆንም አንድ ቀን ሳይመለስ የሚቀር ይመስል ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚጠብቁት። እንቁላል ሻጯ ለፖሊስም በመጀመሪያው ቀን ነግራለች። ተረኛው በአንድ ወረቀት ጀርባ ጽፎ "እንጠራዎታለን" ብሏታል።

ነገሩን የለወጠው ጫማ ሰፊው ነው። አንድ ማታ ሪሞቱን ተቀብሎ ፊልሙን አቆመና "ፊት ይሸፈናል፤ እግር የት ይገባል?" አለ። "ግራ እግሩን እዩልኝ። ወደ ውጭ ይጥለዋል።" አዩ። እውነትም ይጥለዋል። ካሜራው በሰከንድ ጥቂት ምስል ብቻ ነው የሚይዘው፤ እግሩ እዚህ ነበረ፣ ቀጥሎ እዚያ ነው። በመሃል ምን እንዳደረገ አልተቀረጸም። መሃሉን ቡና ቤቱ ሞላው።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ሰው ሰላም ሲባባል እግር እግሩን ይተያያል። አንዳንዱ ማታ በጓሮው ቀጥ ብሎ መርገጥ ተለማመደ፤ ቀጥ ብሎ ሲረግጥ የታየውም "ምን ሊደብቅ ነው?" ተባለ። በሟቿ አርባ ዕለት እንኳ ተዝካሩን የበላው እንግዳ ባልየውን ነበር የሚሰልለው። ሲያለቅስ "ያስመስላል"፣ ሲያቆም "ምን ያህል ልቡ ደረቀ!"

ግራ እግሩን ወደ ውጭ የሚጥል ሰው ተፈለገ፤ ተገኘም። ተሸካሚው ነው። ሃያ ዓመት ኩንታል ከመኪና አውርዷል፤ ግራ ጉልበቱ በእህልና በሲሚንቶ ሥር አርጅቷል። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ "አንተ ኩሊ" ነበር የሚሉት። ያን ቀን ግን "ወንድማችን" አሉት። ቡና አዘዙለት፣ ስኳሩንም አበዙለት።

"እንዲያው ለማነጻጸር ያህል ነው" አሉት። "በኮሪደሩ አንድ ጊዜ ትሄድልናለህ።"

"ምንም ሳልሸከም?" ብሎ ሳቀ።

"ምንም ሳትሸከም።"

ከማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ካፖርትና ቦት ተዋሱ። ቦቱ ሰፋው፤ ጨርቅ ጠቀጠቁበት። ዳቦ ቤቱን ባልየው ከፈተላቸው፤ እምቢ ቢል ምን እንደሚባል ያውቃል። ጸጉር አስተካካዩ ስልኩን ከካሜራው ጎን አሰረ።

"ሂድ" አሉት።

ሄደ።

መምህሩ በእጃቸው የያዙትን ፊልም አዩ፣ እሱን አዩ። "ፈጠንክ። እሱ ቀስ ነው የሚለው።"

ቀስ አለ።

"ትከሻህን ጣል።"

ጣለ።

"ግራ እግርህን ወደ ውጭ" አለ ጫማ ሰፊው። "ጨምር። ከዚህም በላይ። ቆይማ፣ እንዲህ ነው!" ብሎ ራሱ በኮሪደሩ ሄዶ አሳየው። ተሸካሚው ልብ ብሎ ተመለከተ፤ እንዳየውም አደረገ።

"በሩን የምትሞክረው በቀኝ እጅህ ነው።"

"ግራኝ ነኝ እኮ፣ ጋሼ።"

"ለዛሬ ቀኝ ሁንልን።"

ታዛዥ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ "ወደ ግራ፣ ቀስ፣ አውርድ" ሲባል ኖሯል፤ ዛሬ ሲያዙት የሚከፋበት ምክንያት አልታየውም። እንዲያውም ሥራውን በደንብ ሊሠራ ፈለገ። ሁለተኛ ሄደ፣ ሦስተኛ ሄደ። አራተኛው ላይ ራሱ "ይሄኛው አልሆነም፣ ልድገመው" አለ። አምስተኛው ላይ በር ላይ የቆሙት ወሬ አቆሙ። ሰባተኛው ላይ ጸጉር አስተካካዩ "ያዝኩት!" ብሎ ጮኸ። ምስሉን ማለቱ ነበር።

ማታ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አደረጓቸው። በግራ ካፖርቱ ይሄዳል፣ በቀኝ ካፖርቱ ይሄዳል። አብረው ይዞራሉ፣ አብረው በር ይሞክራሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ሲኒ የሚያንኳኳ እንኳ ጠፋ። ከዚያ ቤቱ በአንድ አፍ "እሱ ነው!" አለ።

ተሸካሚው ከኋላ ቆሞ ነበር። ራሱን በቴሌቪዥን አይቶ አያውቅም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት ተመለከተና "እውነትም፣ ቁርጥ እሱን ነው የምመስለው" አለ።

በማግስቱ ይህ የእምነት ቃል ሆኖ ከተማውን አዳረሰ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ልበል። አያቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ነገር ነበራቸው። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ በየሰፈሩ ይዞራል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከልጁ ኋላ መቀነቱን የያዘ ሰው አለ። ሕዝቡ ልጁን ነበር የሚከተለው፤ መቀነቱን የያዘውን እጅ ልብ የሚል አልነበረም። ተሸካሚውንም በዚያ ኮሪደር ያስኬዱት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ሁለቱ በሟቿ ዳቦ ያደጉ ናቸው፣ መምህሩም በቀብሯ ላይ ከሁሉ በላይ አልቅሰዋል። ባይወዷት ኖሮ ይህን ያህል ማታ አያመሹም ነበር።

ጩኸቱ ሲበዛ ፖሊስ ተሸካሚውን ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ከጤና ጣቢያ መዝገብ መጣ። ያን ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤቱን በቃሬዛ ተሸክሞ አድርሷል፤ አዋላጇ ሰዓቱን ጽፋለች፣ እሱም አምጪ ተብሎ ፈርሟል። ሕፃኑም ተወልዶ ክርስትና ተነስቷል። ለቀቁት።

"አካሄዱስ?" አለ ጫማ ሰፊው። "መዝገብ በእጅ ይጻፋል። አካሄድን ማን ይጽፈዋል?"

አባባሉ ስላማረ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ተሸካሚውን ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚያሸክመው አልተገኘም። አንድ ሌሊት ሚስቱንና ምጣዷን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሄደ። በሌሊት መሄዱም ተቆጠረበት።

ካፖርቱንና ቦቱን ለዘበኛው የመመለስ ነገር የወደቀው በጸጉር አስተካካዩ ላይ ነበር። እስከዚያ ድረስ እነ መምህሩ "ገዳይ ወደ ቦታው ይመለሳል" ብለው ከዳቦ ቤቱ ካሜራ መስመር ስበው ከቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተውት ነበር። አንድ ማታ ጸጉር አስተካካዩ ያስቀመጠውን ዕቃ ሊያወጣ ዳቦ ቤት ገባ። ውጭ ዶፍ ነው። ካፖርቱን ደረበ፣ ቆቡን ደፋ፣ በጭቃው ምክንያት ቦቱንም አደረገ። የተጠቀጠቀው ጨርቅ ገና አልወጣም።

በቴሌቪዥኑ ካፖርቱ መጣ። ቀስ ብሎ ይሄዳል። ትከሻውን ጥሏል። ግራ እግሩን ወደ ውጭ ይጥላል።

ዱላ ያገኘ በዱላ፣ ያላገኘ በወንበር ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ከበቡት። "እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። "እኔ ነኝ እኮ!"

"አመነ!" አሉ ከኋላ ያሉት።

ቆቡ ሲገለጥ ሁሉም ዝም አለ። አንድ ሕፃን በሰዉ እግር መሃል ሾልኮ ገብቶ "እኔም ቦቱን ላድርገውና ልሂድ?" ብሎ ጠየቀ። በኩርኩም አባረሩት። መምህሩ ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ "ገዳዮቹ ሁለት ናቸው ማለት ነው" አሉ።

ሁለት ከሆኑ በኋላ ሦስት መሆን አይከብድም። ፋሲካ ሲደርስ ወተት ነጋዴው አለ፣ ከጠላ ቤት የወጣው አለ፣ ተሸካሚው በሌለበት አለ፣ ጸጉር አስተካካዩ አለ፣ ባልየው አለ። ካሜራ ገጣሚው ልጅም ገባ፤ ስለ ኢንፍራሬድ ይህን ያህል እንዴት አወቀ? ሰባተኛው ጫማ ሰፊው ሆነ። አካሄዱን ራሱ ሄዶ ያሳየ እሱ አይደለም? ለአንዲት ሟች ሰባት ገዳይ ቆመላት። ሪሞቱ በመምህሩ እጅ ቀረ፤ የሚቀበላቸው የለም። እንቁላል ሻጯ ከመስቀል ወዲህ መምጣት ትታለች። በወረቀት ጀርባ የጻፈላት ተረኛም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል።

ተረቱ ይኸው ነው። ኮሪደሩና ቦቱ ግን ከባዶ አልመጡም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ከዳላስ በስተደቡብ በምትገኘው የቴክሳስ ከተማ ሚድሎቲያን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ የማለዳ ስፖርት የምታሠራ እናት ተገደለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አለፍ ብሎ ነው ለሥራዋ የገባችው። ካሜራዎቹ የያዙት የልዩ ኃይል ፖሊስ የሚመስል ከባድ ልብስና የራስ ቁር ያደረገ ሰው በኮሪደሩ ሲመላለስ፣ በር ሲሰብር ነው። ፖሊስ ፊልሙን ለሕዝብ አወጣ፤ አካሄዱ ለየት እንደሚልም ጠቆመ። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ መርማሪዎቹ በእርግጠኝነት አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ያ አካሄድ ስንት ሺህ ቤት ውስጥ ተመላልሷል! ልብሱ ከባድ መሆኑን፣ ከባድ ልብስ የሰውን እርምጃ እንደሚለውጥ ያልተናገረ የለም፤ ተናግሮም ሲያበቃ የሚያውቀውን ሰው እግር ያላየም ጥቂት ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ በግድያው ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው የለም።

በቦስተኑ የማራቶን ፍንዳታም፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013፣ ሰው ፎቶግራፍ እያጎላ ቦርሳ ያዘለውን ሁሉ ይከብ ነበር። ከወር በፊት ከቤቱ የጠፋ የአንድ ተማሪ ስም ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ተጠራ፤ በኋላ አስከሬኑ ከወንዝ ወጣ፣ ከፍንዳታው ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረም። ቤተሰቡ ልጃቸውን እየፈለጉ በነበሩበት ሳምንት ነው ይህ የደረሰባቸው። በዚያው ሰሞን ሁለቱን እግሮቹን ያጣ አንድ ተጎጂ ሆስፒታል ሲነቃ ወረቀት ጠይቆ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ዓይን ለዓይን እንዳየው ጻፈ። ለመርማሪዎቹ የሰውየውን መልክ ነገራቸው። የተጠርጣሪዎቹን ምስል ከብዙ ሰዓት ፊልም ውስጥ የለዩት ይህም በእጃቸው ሆኖ ነው።

ዴልፋይ የምትባል የኢንዲያና ከተማ ደግሞ አለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 2017 ሁለት ልጃገረዶች በእግር ሊንሸራሸሩ ወጥተው ተገደሉ። አንዷ በስልኳ ከኋላቸው በአሮጌ የባቡር ድልድይ ላይ የሚመጣ ሰው ቀርጻ ነበር፤ አንገቱን ያቀረቀረ፣ እጆቹን ኪሱ የከተተ። ጥቂት እርምጃ ነው። ለዓመታት ያን እርምጃ ያላጎላው፣ ያላቀዘቀዘው፣ ከጎረቤቱ እርምጃ ጋር ያላስተያየው የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን አንድ የከተማው ነዋሪ በራሱ ፈቃድ ለአንድ መኮንን ያን ቀን እዚያ መንገድ ላይ እንደነበረ ነግሮ ነበር። ቃሉ ተጽፏል። ስሙ ግን ከሚኖርበት መንገድ ስም ጋር ተደባልቆ ስለተመዘገበ ወረቀቱ ከሌሎች ጥቆማዎች መሃል ገብቶ ቀረ። ሰውየው በ2022 ተያዘ፤ በ2024 ጥፋተኛ ተብሎ 130 ዓመት ተፈረደበት። ወረቀቱን ያገኘችው መርማሪ አይደለችም። ጡረታ ከወጣች በኋላ በነፃ ላግዛችሁ ብላ፣ በካርቶን የተከማቸውን የጥቆማ ወረቀት አንድ በአንድ እያነበበች በየመልኩ የምትደረድር ሴት ነበረች።